ሦስት ባለ 25 ሁልጊዜ 75 አይሆንም

«ትራንስፎርመሩ 75 ኬቪኤ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠቀመው 52 ነው፤ ታዲያ ለምን ይቃጠላል?» ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ወፍጮና ምጣድ በአንድ መስመር ላይ በተገናኙበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ኬቪኤ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው፤ ትራንስፎርመር ግን በድምር አይሸከምም። ሦስቱ ፌዞች (ኃይል የሚያወርዱት ሦስት ሽቦዎች) አንድ ላይ እንደሚነዱ ሦስት አህዮች ናቸው፤ አንዷ ላይ የተቆለለውን ሌሎቹ ባዶ ጀርባ ይዘው ቢሄዱም አይካፈሉላትም። የባንኩ አቅም የሚለካው በጣም በተጫነው ፌዝ ነው። (ቃሉ ከቀልዱ «ፌዝ» ጋር አንድ መሆኑ የእኛ ዕጣ ነው።)

«ባንክ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ሦስት ባለአንድ ፌዝ ትራንስፎርመሮች ተያይዘው እንደ አንድ ባለሦስት ፌዝ ሲሠሩ ነው። ሁለተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ባለሦስት ፌዝ ትራንስፎርመሮች ጎን ለጎን ሆነው አንድ ጭነት ሲጋሩ ነው። በእኛ አካባቢ ምሰሶ ላይ የሚበዛው ሦስቱንም በአንድ ታንክ የያዘው ነው፤ ለእሱም ቢሆን ስሌቱ በየፌዙ መሆኑ አይለወጥም።

ከሰሌዳው ወደ አምፔር

ኬቪኤ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካው) አይለካም፤ አምፔር ነው የሚለካው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሌዳውን ወደ አምፔር መመለስ ያስፈልጋል። ለ400 ቮልት ኬቪኤውን በ1.443 ማባዛት ነው። 25 ኬቪኤ በየፌዙ 36 አምፔር፣ 50 ደግሞ 72፣ 100 ደግሞ 144፣ 200 ደግሞ 289፣ 315 ደግሞ 455 አምፔር ይሰጣል። ለባለአንድ ፌዝ 230 ቮልት ማባዣው 4.35 ነው፤ ባለ 25 ኬቪኤው 109 አምፔር ይሆናል። በላይኛው በኩል፣ በ15 ሺህ ቮልት መስመር ማባዣው 0.0385፣ በ33 ሺህ ደግሞ 0.0175 ነው። 100 ኬቪኤ ከ15 ሺህ ላይ የሚስበው 3.85 አምፔር ብቻ ነው፤ ከ33 ሺህ ላይ 1.75። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ፊውዝ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሰሌዳው 400 ሳይሆን 380 የሚል ከሆነ ማባዣው 1.52 ይሆናል። አንዳንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የአሜሪካ ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል፤ በዚያ 120/240 ቮልት የሚሰጡ፣ አንዱ ለመብራት ሌሎቹ ለኃይል የሚያገለግሉበት የዴልታ (ሦስቱ ጥምጥም ሽቦዎች እንደ ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት) ባንክ አለ። የእኛ 400/230 ባለአራት ሽቦ ስታር (የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ መሃል ላይ ተገናኝቶ ኒውትራል የተባለው መመለሻ ሽቦ የሚወጣበት) ነው፤ ያ ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም።

ወፍጮ ላይ የሚሳሳቱበት ደግሞ ኪሎዋቱ ነው። ሞተሩ ላይ 18.5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈው ዘንጉ ላይ የሚወጣው ጉልበት ነው። ከመስመር የሚስበው በ90 በመቶ ብቃት 20.6 ኪሎዋት ነው፤ ፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ወደ ሥራ የሚለወጠው እጅ) 0.85 ከሆነ 24.2 ኬቪኤ፣ ማለትም 35 አምፔር። ባለቤቱ «18» ሲል እናንተ «24» ብላችሁ ጻፉ።

ያዘነበለ ጭነት

የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር እንየው። ሦስት ባለ 25 ኬቪኤ አሉ፤ እያንዳንዱ 109 አምፔር ይችላል። በክላምፕ ሜትር ሲለካ አንደኛው ፌዝ 120፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 45 አምፔር አለበት። ድምሩ 225 አምፔር፣ በ230 ቮልት 52 ኬቪኤ ገደማ ነው። ከ75 ጋር ሲነጻጸር 69 በመቶ፤ ወረቀት ላይ ገና ሰፊ ቦታ አለ። የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ግን 110 በመቶ ተጭኗል። በጥቅሉ (በትራንስፎርመሩ ውስጥ በተጠመጠመው ሽቦ) የሚባክነው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ 10 በመቶ ትርፍ ጭነት 21 በመቶ ትርፍ ሙቀት ነው። 30 በመቶ ትርፍ ከሆነ ሙቀቱ በ69 በመቶ ይጨምራል።

ኒውትራሉም ዝም አይልም። በዚህ ምሳሌ ኒውትራሉ ላይ 69 አምፔር ይሄዳል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፌዝ የበለጠ ማለት ነው። ጭነቱ 75፣ 75፣ 75 ሆኖ ቢከፋፈል ኖሮ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር 69 በመቶ ላይ ይቆም፣ ኒውትራሉም ባዶ ሊባል ይደርስ ነበር። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ የተወሰኑ ቤቶችን ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ።

ለምን እንዲህ ይዘነብላል? ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው፤ በአንድ ፌዝ 15 አምፔር። አዲስ ቆጣሪ ሲገባ ለመሰላሉ የቀረበው ሽቦ ላይ ይቀጠላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ፌዝ ሰባት ምጣድ፣ ሌላው ሁለት ይዞ ይገኛል። ብየዳ ቤቱም በዚያው ፌዝ ላይ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ለዚህ ነው የቤት ቁጥር ቆጥሮ «እኩል ከፍለናል» ማለት የማይበቃው፤ መቆጠር ያለበት ምጣድ ነው።

ሚዛኑ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይታመንም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። ወፍጮ በሚሠራበት ረፋድ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እና በበዓል ዋዜማ። ከሦስቱ እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የፋሲካን ዋዜማ እመርጣለሁ፤ የዓመቱ ምጣድ ሁሉ የሚጣደው ያን ዕለት ነው። በየጊዜው ሦስቱንም ፌዝና ኒውትራሉን ጻፉ። ትልቁ ፌዝ ከሦስቱ አማካይ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከራቀ ማዛወር ያዋጣል።

የትራንስፎርመሮቹ መጠን የተለያየ ሲሆንስ? 25፣ 25 እና 50 ኬቪኤ ተገኝተው በላይ በዴልታ፣ በታች በስታር ተያይዘዋል እንበል። ድምሩ 100 ነው፤ ለወፍጮ ያለው ግን ሦስት ጊዜ 25፣ ማለትም 75 ነው። ቀሪው 25 ኬቪኤ የሚገኘው በትልቁ ፌዝ ላይ ለባለአንድ ፌዝ ጭነት ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣዱንና ብየዳውን ወደዚያ ፌዝ ሰብስቡ። ማዘንበል የሚፈቀድበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

አንዱ ሲቃጠል በሁለቱ መሥራት

በመጻሕፍት ሁሉ የሚጠቀስ አንድ ብልሃት አለ። ላይና ታች በዴልታ በተያያዘ ባንክ ውስጥ አንዱ ትራንስፎርመር ሲወጣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ሦስቱንም ፌዝ መስጠት ይቀጥላሉ። አቅማቸው ግን የሁለቱ ድምር አይደለም። ሦስት ባለ 50 ከነበሩ፣ ሙሉው 150፣ የሁለቱ ድምር 100፣ በተግባር የሚሸከሙት 86.6 ኬቪኤ ነው፤ የሙሉው 57.7 በመቶ። ምክንያቱ የመስመሩ አምፔር ሳይከፋፈል በቀጥታ በጥቅሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። በሙሉ ዴልታ ግን ጥቅሉ የሚሸከመው የመስመሩን አምፔር በ1.732 ተካፍሎ ነው።

ይህ ብልሃት በእኛ ባንክ አይሠራም። የታችኛው በኩል ስታር ስለሆነ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር የራሱን ፌዝ ብቻ ነው የሚመግበው። አንዱ ከወጣ ያ ፌዝ የለም። በሁለቱ ፌዝ ያሉ ቤቶች መብራታቸው ይቀጥላል፤ ወፍጮው ግን መቆም አለበት። «በሁለት ፌዝም ይዞራል» ብሎ የሚያስነሳ ሰው ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያነደዋል።

ሦስት ባለአንድ ፌዝ አዲስ ሲያያዙ ደግሞ አንዱን ገልብጦ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚያሳስተውም እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ሲለካ 230 ማሳየቱ ነው። ጭነት ከመቀጠሉ በፊት ፌዝ ከፌዝ ለኩ። ሦስቱም 400 ከሆኑ ደህና ነው። አንዱ 400፣ ሁለቱ 230 ከሆኑ፣ በሁለቱ 230 ልኬቶች ላይ በጋራ የተገኘው ፌዝ ትራንስፎርመር ተገልብጧል። የእሱን የታች ሁለት ጫፎች ማለዋወጥ ነው መፍትሔው። የላይኛውን በኩል ደግሞ በስታር ልሥራው የሚል ካለ ይተወው፤ የ15 እና የ33 ሺህ መስመራችን ባለሦስት ሽቦ ስለሆነ የላይኛው ኒውትራል የሚያዝበት የለም። ምጣድ በአንዱ ፌዝ ሲጣድ ማዕከሉ (የሦስቱ ጥቅሎች መገናኛ) ይንሸራተትና አንዱ ቤት ሲጨልም ሌላው ይነዳል።

ለአንዲት ትንሽ ከተማ ስንት ይበቃል?

ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አካሄዱን ተመልከቱ። 90 ቤቶች፣ ከእነሱም 30ዎቹ ምጣድ ያላቸው፣ ሁለት ባለ 18.5 ኪሎዋት ወፍጮዎች፣ ባለ 18 ኪሎዋት ምድጃ ያለው ዳቦ ቤት፣ አንድ እንጨት ቤትና አንድ ብየዳ ቤት።

ሁሉንም ደምሮ ትራንስፎርመር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። 30 ምጣድ ብቻውን 105 ኪሎዋት ነው፤ ሁሉም ግን በአንድ ደቂቃ አይጣዱም። በተራ ቀን ረፋድ ከአምስቱ አንዱ ተጥዷል ብንል 21 ኪሎዋት ነው። ወፍጮዎቹ 41፣ ምድጃው በአማካይ 13፣ እንጨት ቤትና ብየዳ 10፣ የቤት መብራት፣ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ 10። ጠቅላላው 95 ኪሎዋት፤ በ0.9 ፓወር ፋክተር 106 ኬቪኤ ገደማ ይሆናል።

የበዓል ዋዜማ ግን ሌላ ቀን ነው። ከ30 ምጣድ 18ቱ ተጥደዋል እንበል፤ 63 ኪሎዋት። ወፍጮዎቹ ሳያርፉ 41፣ ምድጃው ሙሉ 18፣ አነስተኛ ሥራዎች 10፣ ቤቶች 15። ድምሩ 147 ኪሎዋት፣ 163 ኬቪኤ። ጭነቱ በዓመት 6 በመቶ እያደገ ይሄዳል ብንል ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው ቀን 141፣ ዋዜማው 218 ኬቪኤ ይደርሳል።

አሁን ምርጫው ግልጽ ነው። 100 ኬቪኤ ገና ዛሬ በተራ ቀን ሞልቶ ፈሷል። 315 ደግሞ በአብዛኛው ዓመት ከሦስት አንድ እጅ ብቻ እየሠራ የብረቱን ብክነት ቀንና ሌሊት ይበላል፤ ባዶም ቢሆን ይበላል። 200 ትክክለኛው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ዋዜማው 109 በመቶ ቢደርስም ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ሰዓታት ይወስዳል። የትራንስፎርመር ጭነት መመሪያ የሆነው አይኢሲ 60076-7 ለማከፋፈያ ትራንስፎርመር የዘይቱን የመሞቂያ ጊዜ ወደ 3 ሰዓት ይወስደዋል። አጭር ግፊትን ዘይቱ ይውጠዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆይን ግን አይውጥም።

እንዲያም ሆኖ፣ ሰፈሩ በመንገድ ዳር ረዝሞ የተዘረጋ ከሆነ፣ እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን፣ አንድ 200 መሃል ላይ ከመስቀል ሁለት 100 በሁለት ጫፍ መስቀል ይሻላል እላለሁ። ሁለቱ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጫፍ ይመግባል። ቀጥሎ ያለው ስሌት ለምን እንደሆነ ያሳያል።

ትራንስፎርመሩ የሚከሰስበት የሽቦው ጥፋት

ከትራንስፎርመሩ 600 ሜትር ርቆ፣ በ50 ሚሊሜትር ካሬ የአሉሚኒየም ሽቦ መጨረሻ ላይ አንድ ባለ 18.5 ኪሎዋት ወፍጮ አለ እንበል። የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ በኪሎሜትር 0.64 ኦም ነው። ወፍጮው በ35 አምፔር ሲሠራ ከ400 ቮልት 21 ይወድቃል፤ 5 በመቶ። ይቻላል። በቀጥታ ሲነሳ ግን ስድስት እጥፍ፣ 210 አምፔር ስቦ ሽቦው ላይ ብቻ 65 ቮልት ይጥላል፤ 16 በመቶ። አጠገቡ ያለው ቤት አምፖል ቀልቶ ይደበዝዛል፣ የሌላው ወፍጮ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚያዘው ማብሪያ) ይለቃል። በስታር ዴልታ (በስታር አስነስቶ በኋላ ወደ ዴልታ በሚያዞር ማስነሻ) ሲነሳ የመነሻው አምፔር ወደ ሲሶ ስለሚወርድ ውድቀቱ 22 ቮልት ነው።

ይህን ችግር ትራንስፎርመሩን ከ100 ወደ 315 ማሳደግ አያድነውም፤ የወደቀው ሽቦው ላይ ነው። ምጣዱም እንዲሁ ነው። አምስት ምጣድ በአንድ ፌዝ 300 ሜትር ላይ ቢገናኙ 75 አምፔር ሆነው በሄደውና በኒውትራሉ ላይ ተደምሮ 29 ቮልት ይጥላሉ፤ ከ230ው 200 ብቻ ይተርፋል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ተወቃሹ ግን ትራንስፎርመሩ ነው።

ትራንስፎርመሩ ራሱ የሚያዋጣው ውድቀት የሚሰላው ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን ኬቪኤ ለትራንስፎርመሩ ኬቪኤ አካፍሎ በሰሌዳው ላይ በመቶ በተጻፈው ኢምፔዳንስ (ትራንስፎርመሩ ራሱ አምፔሩን በሚገታበት መጠን) በማባዛት ነው። እስከ 630 ኬቪኤ ድረስ ብዙውን ጊዜ 4 በመቶ ነው። ያው ወፍጮ በቀጥታ ሲነሳ 145 ኬቪኤ ይስባል፤ በ50 ኬቪኤ ላይ ውድቀቱ 12 በመቶ ገደማ፣ በ200 ላይ 3 በመቶ ገደማ ነው። ግምት ነው፤ ለውሳኔ ግን ይበቃል።

ስታር ዴልታ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። «ዴልታ 400፣ ስታር 690» የሚል መሆን አለበት። «ዴልታ 230፣ ስታር 400» የሚል ሞተር በእኛ 400 ላይ ወደ ዴልታ ሲዞር ጥቅሉ ከሚገባው 1.7 እጥፍ ቮልት ይቀበልና ይነዳል። ይህ ሞተር በስታር ብቻ ነው የሚሠራው።

ካፓሲተር ያግዛል፤ ተአምር ግን አይሠራም። ለዚህ ወፍጮ 6 ኪሎቫር የሚሰጥ ካፓሲተር ቢጨመርለት ፓወር ፋክተሩ ከ0.85 ወደ 0.95 ወጥቶ 24.2ው ኬቪኤ 21.7 ይሆናል። አምስት ወፍጮ ላይ 12 ኬቪኤ ገደማ ይለቀቃል። ካፓሲተሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይግባ፣ አብሮ ይውጣ፤ ያለልክ ከበዛ ሞተሩ ከመስመር ሲለቀቅ ራሱን እንደ ጄነሬተር ይቀሰቅሳል።

ለታፕ ቼንጀሩ (የታችኛውን ቮልት በደረጃ ለሚያስተካክለው መቀየሪያ) ሁለት ቃል። በ15 ሺህ ላይ አምስቱ ደረጃዎች 15,750፣ 15,375፣ 15,000፣ 14,625 እና 14,250 ናቸው። የታችኛው ቮልት ሲያንስ የሚመረጠው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ብዙዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። በ14,250 ላይ ተደርጎ መስመሩ በእርግጥ 15,000 ካለው ያለ ጭነት የፌዙ ቮልት 243 ይሆናል። ላይኛው መስመር ሌሊት ከፍ ካለ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሥር ያሉ ቤቶች 253ን ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ የቤት ዕቃ ይጎዳል። የሚዞረውም መስመሩ ተቋርጦ ብቻ ነው።

ከፍታው የወሰደውን ብርዱ ይመልሳል

መደበኛው ትራንስፎርመር የተሠራው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር፣ የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀትም 20 ዲግሪ ለሆነበት ቦታ ነው። ከ1,000 በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል፤ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅናሹ 3.5 ዲግሪ ይሆናል። የደብረ ማርቆስ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ግን ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 4 ዲግሪ ትርፍ አለን። ተካክሷል። እንጅባራም እንዲሁ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ሆና በከፍታው 2 ዲግሪ ታጣለች፣ የምታስመልሰው ብርድ ግን የላትም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከፍታው ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይብሳል። «ደጋ ነው፣ ትንሽ ቢጫን አይጎዳውም» የሚለው አባባል ለዚህ ነው ግማሽ እውነት የሆነው።

ጥቂት ዲግሪ ግን ቀላል አይደለም፤ 6 ዲግሪ ትልቅ ቁጥር ነው። በተራ ወረቀት የተሸፈነ ጥቅል በጣም የሚሞቅበት ነጥብ 98 ዲግሪ ላይ ሲቆይ የታሰበለትን ዕድሜ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። 104 ላይ ሁለት፣ 110 ላይ አራት እጥፍ። የዘይቱ መጠን በመፍሰስ ከወረደ ወይም የማቀዝቀዣ ክንፎቹ በአቧራ ከተሸፈኑ ሰሌዳው ላይ ያለው ኬቪኤ ሁሉ ትርጉም ያጣል።

ብርዱ የማይመልሰው ነገር ደግሞ የውጭ ኢንሱሌሽን ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አየሩ ቮልት የመቋቋም አቅሙ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ 14 በመቶ ነው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ቡሽንጉ (ሽቦው ወደ ታንኩ የሚገባበት ሸክላ) ላይ የሚዘለው ብልጭታ ከዚህ ይመጣል። ትራንስፎርመር ሲታዘዝ የሚተከልበት ከፍታ መጻፍ አለበት፤ መብረቅ መከላከያውም ከታንኩ አጠገብ፣ ሽቦው አጭር ሆኖ መሬት የተያዘ መሆን አለበት።

ሁለት ባለሦስት ፌዝ ጎን ለጎን

ሁለት ትራንስፎርመር አንድ ባስባር (የጋራ ማገናኛ) ላይ ሲገናኙ ጭነቱን የሚካፈሉት በአቅማቸው ሳይሆን በኢምፔዳንሳቸው ነው። አንድ 200 ኬቪኤ ባለ 4 በመቶ እና ሌላ 200 ኬቪኤ ባለ 6 በመቶ አሉ። ዝቅተኛው ኢምፔዳንስ ብዙውን ይሸከማል፤ የመጀመሪያው 200 ሲሞላ ሁለተኛው ገና 133 ላይ ነው። ባንኩ 333 ነው እንጂ 400 አይደለም። ቀሪውን 67 ለመጠቀም የሞከረ የመጀመሪያውን ያቃጥላል። 200 እና 100 ሁለቱም 4 በመቶ ከሆኑ ግን 2 ለ1 ተካፍለው ሙሉ 300 ይሰጣሉ። ከ3 ለ1 የሰፋ የመጠን ልዩነት ያላቸውን አለማገናኘት ነው የሚሻለው።

የታፕ ልዩነትም ያስከፍላል። ሁለቱም 4 በመቶ ሆነው አንዱ አንድ ደረጃ ከፍ ካለ የ2.5 በመቶው ልዩነት በሁለቱ ኢምፔዳንስ ድምር፣ በ8፣ ተካፍሎ 31 በመቶ የሚሆን አምፔር በሁለቱ መሃል ይሽከረከራል፤ ወፍጮ ባይኖር፣ አምፖል ባይበራም። ከታፕ ጥገና በኋላ አንዱን ብቻ መመለስ የተለመደ ነው።

ከሁሉ የከፋው የቬክተር ግሩፕ (የላይና የታች ጥቅሎች አያያዝ) ልዩነት ነው። ዲ-ዋይ-ኤን 11 ከዋይ-ዋይ-ኤን 0 ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በመካከላቸው 30 ዲግሪ አለ፤ ይህም የቮልቱ 52 በመቶ ነው። በ8 በመቶ ኢምፔዳንስ ሲካፈል ከሙሉ አቅም 6.5 እጥፍ አምፔር ይሆናል፤ ያው ሾርት ማለት ነው። ዲ-ዋይ-ኤን 11 ከዋይ-ዜድ-ኤን 11 ጋር ግን ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ይገናኛሉ። ሰሌዳ ከተፋቀ ከመገናኘታቸው በፊት በተመሳሳይ ፌዞች መካከል ቮልት ይለካል፤ ዜሮ መሆን አለበት። ልኬቱ ትርጉም እንዲኖረው የሁለቱ ኒውትራል አስቀድሞ መያያዝ አለበት፤ ይህን ከረሳችሁ ሜትሩ ዝም ብሎ ያታልላችኋል።

ፊውዙ የሚናገረው

የላይኛው ድሮፕ አውት ፊውዝ (ሲቆረጥ ተንጠልጥሎ የሚወርደው) ከአቅም በላይ ጭነትን አይከላከልም። ትራንስፎርመር ሲበራ ለአፍታ ከ10 እስከ 12 እጥፍ አምፔር ስለሚስብ፣ ይህን እንዲያልፍ ፊውዙ ከሙሉ አምፔሩ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይመረጣል። ለ100 ኬቪኤ በ15 ሺህ ላይ 3.85 ነበር፤ የሚገባው ከ6 እስከ 8 አምፔር ነው። ጭነትን የሚጠብቀው የታችኛው ፊውዝ ነው፤ ለ100 ኬቪኤ በፌዝ ከ160 አምፔር መብለጥ የለበትም። እሱ ሲቆረጥ በጠመዘዙት ሽቦ የሚተካ ሰው ከዚያ በኋላ ትራንስፎርመሩን የሚጠብቀው ምንም ነገር እንደሌለ ይወቅ። የላይኛው የሚቆረጠው ጥቅሉ ከነደደ በኋላ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ የቮልት ልኬት ይነግራችኋል። አንዱ ፌዝ 230፣ ሁለቱ 115 አካባቢ ከሆኑ የላይኛው አንድ ፊውዝ ተቆርጧል፤ ዴልታው ውስጥ ሁለቱ ጥቅሎች በተከታታይ ቀርተው ግማሽ ግማሽ ደርሷቸዋል። ወፍጮዎችና ማቀዝቀዣዎች ወዲያው ይጥፉ፤ ፊውዙን የሚቀይሩት የመስመር ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ፌዝ ዜሮ፣ ሁለቱ ጤናማ ከሆኑ የታችኛው ነው። ወፍጮ እየዞረ ከሆነ ግን የሞተው ፌዝ ላይ ሞተሩ ራሱ ቮልት ስለሚመልስ ዜሮ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ለኩ። የፌዝ መቋረጥን የሚለይ ሪሌይ ያለው ወፍጮ በዚህ ጊዜ ራሱ ይቆማል፤ ዋጋው ሞተር ከማስጠምጠም ጋር አይወዳደርም።

አንዱ ፌዝ 300 ደርሶ፣ ሌላው 150 ወርዶ፣ ምጣድ ሲጣድና ሲነሳ ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ኒውትራሉ ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ፌዝ ከፌዝ ስትለኩ 400ው እንዳለ ነው፤ ወፍጮውም ምንም ሳይሰማው ይፈጫል፤ ቴሌቪዥኖቹ ግን እየተቃጠሉ ነው። ወፍጮው ስለሚሠራ «መስመሩ ደህና ነው» እንዳትሉ። የአካባቢው ሰው ዋና ማብሪያውን እንዲያጠፋ ንገሩ፤ ከዚያ የሚፈተሸው ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው የኒውትራል ማሰሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየሙ ሽቦ ያለመሸጋገሪያ ማያያዣ በቀጥታ ከመዳቡ ጋር የታሰረበት፣ ነጭ ዱቄት የያዘው ቦታ ነው።